ጋዜጣ ላይ የተገኘው የወንድም ልጅ፦ የግሪምኬ እህቶች ታሪክ

የአሜሪካ ባርነት ሲነሳ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት ስሞች አብርሃም ሊንከን፣ ፍሬድሪክ ዳግላስ እና ሃሪየት ተብማን ናቸው። ዛሬ የምናወራላችሁ ስለ አንጀሊና ግሪምኬ ነው። ስለ አንጀሊና ሲወራ ደግሞ ታላቅ እህቷን ሳራን መተው አይቻልም። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ አንድ ቤት፣ ሲለያዩ ደግሞ በደብዳቤ የኖሩ እህትማማቾች ናቸው። ባሪያ ከሚገዛ ቤት ወጥተው ባርነትን በአደባባይ ተቃወሙ። በዚህም የትውልድ ከተማቸው ተዘጋባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ተባረሩ፣ ድንጋይ ተወረወረባቸው። በስተርጅና ደግሞ አንድ ጋዜጣ የገዛ ቤተሰባቸውን ገመና ይዞ መጣ። ያኔ ምን አደረጉ የሚለው ነው ታሪኩን ታሪክ ያደረገው።

(ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርለስተን ከተማ ነው። አባታቸው ዳኛ ጆን ግሪምኬ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት የተዋጉ፣ በኋላም በግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሰየሙ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከተማ ውስጥ ቤት፣ ገጠር ደግሞ ሰፊ እርሻ ነበራቸው፤ ሁለቱም ቦታ ሥራውን የሚሠሩት ባሪያዎች ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ሜሪ 14 ልጅ ወልደዋል። ሳራ በ1792 ተወለደች። አንጀሊና ደግሞ በየካቲት 1805 የመጨረሻዋ ልጅ ሆና መጣች።

ሳራ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አንዲት ሴት ባሪያ ስትገረፍ አየች። ከዚያ እየሮጠች ወደ ወደብ ሄዳ አንዱን የመርከብ ካፒቴን እንዲህ ዓይነት ነገር ወደማይደረግበት አገር ውሰደኝ ብላ ለመነችው ይባላል። ካፒቴኑ የትም አልወሰዳትም። ሞግዚቷ ፈልጋ መለሰቻት።

ጎበዝ ልጅ ነበረች። እንደ ወንድሟ ቶማስ ሕግ መማር ፈለገች፣ ላቲንም እንዲያስተምሯት ለመነች። ቶማስ ዬል ገባ። እሷ ጥልፍና ፒያኖ ትማር ተባለ። አባቷ ወንድ ብትሆን ኖሮ የአገሩ አንደኛ የሕግ ሰው ይወጣት ነበር ይሉ እንደነበር ይነገራል። እንግዲህ ይህ ለአባትየው ምስጋና ነው፤ ለልጅቷ ግን በሩን አሳይቶ መዝጋት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ግዛት ባሪያ ማስተማር በሕግ ክልክል ነበር። ሳራ አገልጋይ ሆና የተሰጠቻትን ልጅ ማታ ማታ ፀጉሯን እያበጠረችላት መስላ ፊደል ታስቆጥራት ጀመር። መብራት ይጠፋል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሁለቱ ልጆች የእሳት ማንደጃው ፊት በሆዳቸው ተኝተው ፊደል ይለያሉ። ተደረሰባቸው። የአባትየው ቁጣ ቀላል አልነበረም።

አንጀሊና የተወለደችው ሳራ 12 ዓመት ሆኗት ነው። ሳራ ክርስትና እናቷ ካልሆንኩ ብላ ሙጭጭ አለች። ወላጆቿ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ በኋላ ግን እሺ አሏት። እኛ ጋ የክርስትና እናት ነገር ከበድ ያለ ቦታ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ሳራም የምሯን ነው የያዘችው። ሕጻኗን ያሳደገቻት እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንጀሊና ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ እንኳ ለእህቷ ስትጽፍ እናቴ እያለች ነበር።

በ1819 አባትየው ታመሙና ፊላዴልፊያ ለሕክምና ሲሄዱ አብራ እንድትሄድ የተመረጠችው ሳራ ናት። ሐኪሙ ምንም ማድረግ አልቻለም። ወደ ኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ወሰደቻቸውና እዚያው በእጇ ላይ አረፉ። ከቤተሰቡ ሌላ ማንም አልነበረም። በዚያ ጉዞ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ተዋወቀች። ኩዌከሮች አባሎቻቸው ባሪያ እንዳይኖራቸው ከከለከሉ ቆይተዋል፤ ሴትም በጉባኤያቸው ተነስታ መናገር ትችላለች። በ1821 ሳራ ቤተሰቧን ትታ ፊላዴልፊያ ገባች።

እንግዲህ የእህትማማቾቹ የደብዳቤ ዘመን የተጀመረው ያኔ ነው።

ሜሴጅ በሰከንድ ለሚደርሰው ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ገና ቴምብር የሚባል ነገር አልነበረም። የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በርቀትና በወረቀት ብዛት ነው። ከ400 ማይል በላይ ለሚሄድ አንድ ቅጠል ወረቀት 25 ሳንቲም፣ ሁለት ቅጠል ከሆነ እጥፍ ይከፈላል። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ተቀባዩ ነው! በዚያን ዘመን ገንዘብ ይህ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ሰው ገጹን ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አዙሮ በጻፈው ላይ በአግድም ይጽፍበት ነበር። ከቻርለስተን ፊላዴልፊያ ደግሞ ከ400 ማይል እጅግ ይርቃል። አንዲት ወረቀት ማለት ትልቅ ነገር ናት።

አንጀሊና ቻርለስተን ቀርታ እያደገች ነው። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ቀን መስኮት እንዲከፍት የተጠራ ትንሽ ልጅ ገባ። ባሪያ ነው። ጀርባውና እግሩ በግርፋት ቁስል ተሸፍኖ መራመድ አቅቶት ነበር። አንጀሊና እዚያው ራሷን ሳተች። በ1826 የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነች። ሳትውል ሳታድር ሽማግሌዎቹን ባርነትን በይፋ አውግዙ አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ባለ ባሪያ ናቸው። የሆነውን መገመት አያዳግትም፤ በ1829 ከአባልነት ተሰረዘች።

እዚህ ላይ ሄንሪ የሚባለውን ወንድሟን ያዙልኝ። በኋላ ይመጣል።

ሄንሪ ጆን የሚባል ባሪያ ነበረው። ይደበድበዋል። አንድ ጊዜ ጆን ድብደባውን ፈርቶ ጠፋ። አንጀሊና ወንድሟ ክፍል ገብታ ፊት ለፊት ተናገረችው። ሄንሪ ተቆጣ፣ ሲመለስ እገርፈዋለሁ አለ። እሷ አልተወችውም። በመጨረሻ ጆን ሲመለስ ሄንሪ ሳይነካው ወደ ሥራህ ሂድ ብሎ አለፈው። አንጀሊና ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሯ ጽፋዋለች። አንድ ቤት ውስጥ አንድን ሰው ከአንድ ግርፋት ማዳን ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን እንደማይቻል የገባት በእነዚያ ዓመታት ነው። በ1829 መገባደጃ እሷም ወደ ሳራ ሄደች። ቻርለስተን ተመልሳ አልኖረችም።

ፊላዴልፊያ ግን ገነት አልነበረችም። ኩዌከሮቹ ባርነትን ይጠላሉ፤ በጸሎት ቤታቸው ግን ጥቁሮች የሚቀመጡት ለብቻ በተለየ አግዳሚ ወንበር ነው። እህትማማቾቹ ሄደው እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጎናቸው የነበሩት ግሬስ ዳግላስ እና ልጇ ሳራ ዳግላስ የሚባሉ የተማሩ ጥቁር ሴቶች ናቸው። ከመምህርት ሳራ ዳግላስ ጋር የተጀመረው ወዳጅነትና የደብዳቤ ልውውጥ ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል።

አሁን 1835 ላይ እንድረስ። በሐምሌ ወር ቻርለስተን ውስጥ ረብሸኞች ፖስታ ቤቱን ሰብረው ገቡ። ከሰሜን የመጡትን ፀረ ባርነት ጽሑፎች አውጥተው በማግስቱ ማታ ሕዝብ እያየ አቃጠሉ። ቦስተን ላይ ደግሞ ዘ ሊበሬተር የሚባል ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አንጀሊና ነሐሴ 30 ቀን ደብዳቤ ጻፈችለት። አይዞህ፣ ወደኋላ አትበል፣ ይህ ሰው የሚሞትለት ዓላማ ነው የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ጋሪሰን ሳያስፈቅዳት ከነስሟ አተመው።

ጉድ ፈላ። ኩዌከሮቹ ይህን ነገር አስተባብይ፣ ቢያንስ ስምሽን አስወጪ አሏት። እሷም ወይ ፍንክች! ከሁሉም ያመማት ግን የሳራ ነገር ነው። ያቺ መርከብ ፍለጋ ወደብ የሮጠች፣ ፊደል በድብቅ ያስቆጠረች እህቷ በዚህ ጊዜ ከኩዌከሮቹ ጎን ቆመች። ሳራ ያኔ 42 ዓመቷ ነው፤ ለዓመታት ለማኅበሩ ሽማግሌዎች መታዘዝን እንደ ጽድቅ ስትቆጥር ኖራለች። አንዲት ሚስት የሞተችበት ጥሩ ሰው ለጋብቻ ሲጠይቃት እንኳ እምቢ ያለችው ከእግዚአብሔር የተሰጠኝ አገልግሎት አለ ብላ ነው። ታናሿ በጋዜጣ ስሟ ሲወጣ ደነገጠች።

ከዚህ በኋላ የተጻጻፉትን ያነበበ ሰው የማይረሳው ነገር አለ። አንጀሊና አቋሟን አልለወጠችም፤ እህቷንም አልዘለፈችም። በ1836 ክረምት ኒው ጀርሲ ወዳጅ ቤት ተቀምጣ ለደቡብ ክርስቲያን ሴቶች የተላከ መልእክት መጻፍ ጀመረች። እዚያ ሆና ለሳራ ትጽፋለች፤ ባንስማማም እወድሻለሁ፣ ግን ይህን መንገድ አልተውም ነው ነገሩ። ሳራም ትመልሳለች፣ ትጨነቃለች። በመሃል ነሐሴ ላይ ሳራ በኩዌከሮች ጉባኤ ተነስታ ስትናገር አንድ ሽማግሌ ሰው ሁሉ እየሰማ አስቆማት። ዘጠኝ ዓመት ያህል እንዲህ እየተሸማቀቀች ቆይታለች። ያን ቀን በቃኝ አለች። ብዙም ሳይቆይ ዕቃዋን ሸክፋ ከታናሿ ጋር ኒው ዮርክ ገባች። እንግዲህ ልጅ እናቷን የመራችበት ጊዜ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

የአንጀሊና ጽሑፍ ታተመ። ቻርለስተን ሲደርስ ተቃጠለ። የከተማው ከንቲባ ለእናትየው ልጅሽ ከተማችን ብትመጣ ከመርከብ አትወርድም፣ ከወረደችም ትታሰራለች የሚል መልእክት ላኩ። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላ የሚገናኙት በወረቀት ብቻ ነው። ወይዘሮ ሜሪ በ1839 አረፉ።

በ1837 እህትማማቾቹ ማሳቹሴትስን በፈረስ ጋሪ ዞሩ። ከ60 በላይ ከተሞችና መንደሮች ተናገሩ። ስብሰባው መጀመሪያ ለሴቶች ብቻ ነበር። ወንዶች ግን በኋላ በር እየሾለኩ ይገቡ ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ በሁለቱም ጾታ ይሞላ ነበር። ሴት ወንድ ባለበት መድረክ ላይ መቆሟ ያኔ ነውር ነው። የግዛቱ ካህናት ማኅበር በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበብ ደብዳቤ አወጣ። ሴት እንደ ወይን ሐረግ ተደግፋ ነው የሚያምርባት፣ ራሷን ዛፍ ላድርግ ካለች ትወድቃለች ዓይነት ነገር ነው። ሳራ ወንድ ያልተማረውን ያህል የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀት ነበራትና መልሱን በተከታታይ ደብዳቤ ጻፈች። በ1838 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ስለ ጾታ እኩልነት አንዲት አሜሪካዊት ከጻፈቻቸው የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ነው።

የሚገርመው የትግል ጓዶቻቸው ሳይቀሩ ስለ ሴት መብት ዝም በሉ፣ የባሪያውን ጉዳይ ታበላሹብናላችሁ አሏቸው። እንዲህ ብለው ከጻፉት አንዱ ቴዎዶር ዌልድ ነው። (ስሙ በኛ ቴዎድሮስ መሆኑ ነው።) የእህትማማቾቹ መልስ አጭር አመክንዮ ነበር፦ የመናገር መብት ከሌለን ስለ ባሪያው በምን አፋችን እንናገራለን?

በየካቲት 1838 አንጀሊና በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቆማ ተናገረች። አሜሪካ ውስጥ በሕግ አውጪዎች ፊት ንግግር ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያው ወር ያ በደብዳቤ ሲከራከራት የነበረው ቴዎዶር አፈቅርሻለሁ የሚል ደብዳቤ ላከላት። እሷም ከሱ ባልተናነሰ ስትወደው ነበር። ይኸው ቴዎዶር ሳራን ግን አንቺ ስትናገሪ ታሰለቻለሽ፣ መድረኩን ለእህትሽ ተይላት ብሎ ጻፈላት። ሳራ ሰምታ ዝም አለች፤ ከመድረክም ራቀች። ሰውየው ለዓላማው ያደረ እንደሆነ እናውቃለን፤ ይህችን ግን ባይጽፋት ይሻል ነበር።

ሠርጉ ግንቦት 14 ቀን 1838 ፊላዴልፊያ ላይ ሆነ። ነጭና ጥቁር አንድ ላይ ተጋበዘ። በአባቷ ቤት ባሪያ የነበሩ ሰዎችም ነበሩ። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ቄስ ጸለዩ። ኬኩን የሠራው ጥቁር ባለሙያ ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ባሪያ ያላመረተው። ቴዎዶር ሕጉ ለባል በሚስቱ ንብረት ላይ የሚሰጠውን ሥልጣን አልቀበልም ብሎ በሰው ፊት ተናገረ።

ሠርጉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሙሽሪት ፔንሲልቫኒያ ሆል በሚባል አዲስ አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመች። አዳራሹ የተሠራው እንዲህ ዓይነት ስብሰባ የሚያስተናግድ ቤት በመጥፋቱ ሲሆን የተመረቀው በሠርጓ ዕለት ነው። ውጪ ረብሸኛው ተሰብስቧል። ድንጋይ መስኮቱን እየሰበረ ይገባል፣ ጩኸቱ ንግግሯን ይውጣል። እሷ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረች። ሲያልቅ ሴቶቹ ነጭና ጥቁር ክንድ ለክንድ ተያይዘው በረብሸኛው መሃል ወጡ። በማግስቱ ማታ አዳራሹ ተቃጠለ። እሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፤ ውሃ የረጩት ግን በዙሪያው ያሉ ቤቶች ላይ ብቻ ነው።

ኩዌከሮቹ ሁለቱንም አባረሯቸው። አንጀሊናን ኩዌከር ያልሆነ ሰው በማግባቷ፣ ሳራን ደግሞ ሠርጉ ላይ በመገኘቷ!

ከዚያ በኋላ ሦስቱ አብረው ኒው ጀርሲ ገቡ። በ1839 ያወጡት መጽሐፍ አሠራሩ ለዛሬ ልጅ ይጥመዋል። እህትማማቾቹ ወራት ሙሉ ቤት ተቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ጋዜጦችን አገላበጡ። የሚፈልጉት የጠፋ ባሪያ ማስታወቂያ ነው። ጌታው ባሪያው እንዲያዝለት ምልክቱን ይናገራል፤ ጀርባው ላይ የግርፋት ጠባሳ፣ ጉንጩ ላይ የተተኮሰ ፊደል፣ የተቆረጠ ጆሮ። ይህን ቆርጠው ከነጋዜጣው ስምና ቀን አሰፈሩት። ማንም ሐሰት ነው ሊል አይችልም፤ የጻፉት ጌቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሃሪየት ቢቸር ስቶው የአጎት ቶም ጎጆን ስትጽፍ ከዚህ መጽሐፍ ወስዳለች።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ጸጥ ያሉ ናቸው። አንጀሊና ሦስት ልጅ ወለደች፣ ጤናዋ ተቃወሰ። እርሻ ያዙ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሳራ ልጆቹን እንደ ራሷ ልጆች አሳደገች። አንድ ጊዜ በዚሁ በልጆቹ ነገር ሁለቱ ተጋጭተው ሳራ ለተወሰነ ጊዜ ከቤት ወጥታ ነበር። 60 ዓመት ሞልቷት ሕግ ወይም ሕክምና ልማር ብላ ጠየቀች፤ የሚቀበላት አልተገኘም። ተመልሳ መጣች። በመጨረሻ ቦስተን አጠገብ ሃይድ ፓርክ ላይ ሰፈሩ። ጦርነቱ ተካሂዶ አለቀ፣ ባርነት በሕግ ቀረ። እንግዲህ ሥራችን አለቀ ብለው የሚያርፉበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

በየካቲት 1868 አንጀሊና የፀረ ባርነት ማኅበሩን ጋዜጣ ስታነብ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ስላለው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ነገር አየች። የጥቁር ወጣቶች ኮሌጅ ነው። ጸሐፊው መምህር አንድን ተማሪ ያመሰግናል። የልጁ ስም ግሪምኬ ይላል።

ግሪምኬ እንደ ጆንሰን በየመንደሩ የሚገኝ ስም አይደለም። መጀመሪያ የመሰላት ከወንድሞቿ የአንዱ ባሪያ የነበረ ሰው የጌታውን ስም ይዞ ነው። ዝም ብላ ጋዜጣውን አጥፋ ማስቀመጥ ትችል ነበር። ማንም አይጠይቃትም። ወረቀት አወጣችና ለልጁ ጻፈች፤ ማን ነህ፣ የማን ነበርክ፣ ከኛ ቤተሰብ ጋር ምን ያገናኝሃል?

መልሱ ፈጥኖ መጣ። ልጁ አርኪባልድ ይባላል፣ 18 ዓመቱ ነው። አባቴ የእርስዎ ወንድም ሄንሪ ነው አላት።

አዎ፣ ያ ሄንሪ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ናንሲ ዌስተን ከምትባል ሴት ጋር ገጠር እርሻው ላይ ይኖር ነበር። ናንሲ ባሪያው ናት። አርኪባልድ በ1849፣ ፍራንሲስ በ1850 ተወለዱ። በሕጉ ልጅ የሚከተለው እናቱን ነው፤ እናት ባሪያ ከሆነች አባት ማንም ይሁን ማን ልጁ ባሪያ ነው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች የአባታቸው ንብረት ነበሩ። በ1852 ሄንሪ ታሞ ሞተ፤ ናንሲ ሦስተኛውን ልጅ ጆንን አርግዛ ነበር። በኑዛዜው ነጻ አላወጣቸውም። ከመጀመሪያ ሚስቱ ለወለደው ለነጩ ልጁ ለሞንታግዩ አወረሳቸው፤ እንደ ቤተሰብ ያዛቸው ብሎ። ቃሉን ማን ያስፈጽማል? ማንም።

ናንሲ ቻርለስተን ትንሽ ቤት ውስጥ ልብስ እያጠበች ልጆቿን አሳደገች፣ ፊደልም አስቆጠረች። በዚህ ታሪክ ውስጥ መጽሐፍ ሊጻፍላት የሚገባት ሰው ብትኖር ለእኛ እሷ ናት። በ1860 ገደማ ሞንታግዩ መጥቶ ወንድሞቹን አገልጋይ አድርጎ ወሰዳቸው። አስደበደባቸው። አርኪባልድ አመለጠና ጦርነቱ እስኪያልቅ ተደብቆ ኖረ። ፍራንሲስም ጠፍቶ የአንድ የደቡብ ጦር መኮንን አሽከር ሆነ፤ ተያዘ፣ ታሰረ፣ እስር ቤት ታመመ፣ ከዚያም ወንድሙ ለሌላ መኮንን ሸጠው። ሰላም ሲሆን ትምህርት ቤት ገቡ። መምህራኖቻቸው ብልህነታቸውን አይተው ወደ ሰሜን ላኳቸው።

አርኪባልድ ይህን ሁሉ ነው የጻፈላት። ያቺ በ1829 አንድ ባሪያ እንዳይገረፍ ወንድሟን የለመነች ሴት ናት የምታነበው። ቤቱን ትታ ሄደች፤ ቤቱ ግን ያንኑ ሥራውን ቀጥሎ ነበር።

መልስ ጻፈች። አልገረመኝም አለች፤ የደቡብን ቤት ታውቀዋለችና። የወንድሜ ልጆች ናችሁ ብላ ተቀበለቻቸው። ስለ አክስታቸው ስለ ሳራ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ ነገረቻቸው። የግሪምኬ ስም በካሮላይና የተከበረ ነበር፣ አሁን ከወደቀበት የምታነሱት እናንተ ናችሁ የሚል ምክርም አለበት። ይህን ስታነቡ ትንሽ ቅር ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። በባርነት የያዛቸውን ሰው ስም አንሱ ማለት ከባድ ነው። የታሪክ ምሁሯ ኬሪ ግሪኒጅ በ2022 ባወጣችው የግሪምኬ ቤተሰብ መጽሐፍ እህትማማቾቹን በዚህ ረገድ ጠበቅ አድርጋ ትተቻለች፤ ነጻነት ሲሰብኩ የገዛ ጥቁር ዘመዶቻቸውን ሳይፈልጉ ኖሩ፣ ካገኟቸውም በኋላ መካሪ መሆን ይቀናቸዋል ትላለች። ትችቱ መሬት የያዘ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን፦ ያኔ እንዲህ ያሉ ዘመዶች የነበሯቸው ባለ ስም ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ደብዳቤ የጻፉት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አንጀሊና የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ልጆቹን አየቻቸው፣ ልጇንም ከአጎቱ ልጆች ጋር አስተዋወቀችው። በኋላ ሃይድ ፓርክ ቤቷ መጡ፣ እንደ ዘመድ ተቀመጡ። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም፤ ቢሆንም ለትምህርታቸው ገንዘብ ይላካል። አርኪባልድ በ1874 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሳራ በላቲን የተከለከለችውን ሙያ የወንድሟ ልጅ ያዘው ማለት ነው። ፍራንሲስ ከፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ወጥቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታዋቂ ፓስተር ሆነ። ትንሹ ጆን ግን ከወንድሞቹ ርቆ ኖረ።

ሳራ አርኪባልድ ሲመረቅ አላየችም። ከዚያ በፊት ግን አንድ የምንወደው ነገር አለ። መጋቢት 7 ቀን 1870 ሃይድ ፓርክ ላይ ምርጫ ነበር። ሴት መምረጥ አትችልም። በረዶ እየጣለ 42 ሴቶች ተሰልፈው መጡ። ከፊት ያሉት የ77 ዓመቷ ሳራና አንጀሊና ናቸው። ለእነሱ ለብቻ በተዘጋጀ ሳጥን ካርዳቸውን ከተቱ። አልተቆጠረም። አሜሪካ ውስጥ የሴቶች የመምረጥ መብት ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባው በ1920 ነው።

ሳራ በታኅሣሥ 1873 በ81 ዓመቷ አረፈች። አንጀሊና ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረችም፤ ስትሮክ መታት፣ ሰውነቷ ሽባ ሆነ። ጥቅምት 26 ቀን 1879 እሷም አረፈች። የሁለቱ ደብዳቤዎችና ማስታወሻ ደብተሮች ዛሬ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ክሌመንትስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ።

አርኪባልድ በኋላ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የአሜሪካ ቆንስል ሆኗል፤ ለጥቁሮች መብት በሚታገለው ማኅበር ውስጥም ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። አክስቱ በሞተች በአራተኛው ወር፣ በየካቲት 1880፣ ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቷ አድጋ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ሆናለች፤ በ1916 ዋሽንግተን ላይ የታየው ራሔል የሚባለው ቲያትር የእሷ ነው። አባቷ ያወጣላት ስም አንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ ነው።